በሽቦ የሰፋ ቀዳዳ

…ደግሞ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በሳሙና፣ እስከ ክርን፣ የሚከፍቱት እኮ የሰው ሆድ አይደለም ጋሽ ሙሄዲን፣ የሞተር ሳይክል ካርቡራተር ነው፣ እላለሁ በልቤ፣ ውሃውን ከጣሳው በጥቂት በጥቂቱ ያንቆረቁራሉ፣ የቸኮለ ሰው ፊታቸው መቆሙን የማያውቁ ይመስል፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ስብሰባው አራት ሰዓት ነው፣ አራት ሰዓት ሲሆን ኃላፊያችን ጓድ መኮንን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና፣ በመንግሥትና በሕዝብ ንብረት ላይ የደረሰውን የቤንዚን ብክነት በተመለከተ፣ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለት ስም ይጠራል። የእኔን፣ የከብት ክትባት ሠራተኛውን የዱጉማን። የዘበኛውን የሀሚድን።

የሀሚድን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እሱን አሁን አላስብም። አሁን የማስበው ወረቀቱን ነው፣ እኔ የመጣሁት ለወረቀት ነበር፣ ግማሽ ገጽ፣ ሞተሩ አርጅቷል ስለዚህ ቤንዚን ይበላል፣ ፊርማ፣ በቃ፣ ማኅተም ባይኖራቸውም ከሂርና እስከ ሚኤሶ የመካኒኩን የጋሽ ሙሄዲንን ቃል የማያከብር ሾፌር የለም፣ ጓድ መኮንንም ያከብራል፣ ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ እሄድ ነበር፣ እሳቸው ግን ካቻቪቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙና፣ ያላየሁትን ልፈርም ነው? አሉኝ፣ አይተውት የለ ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ጎማ ሲቀይሩልኝ፣ ጎማና ካርቡራተር ምን አገናኛቸው ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቁጭ በል፣ አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ እግሬ ግን አልተቀመጠም፣ ይኸው መሬቱን ይደበድባል።

ከላይ በኮረኮንቹ መንገድ የጫት መኪና ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ወደ ድሬዳዋ ይከንፋል፣ ጫት አይቆይማ፣ ክትባትም አይቆይም፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ከቀለጠ መድኃኒቱ ከውሃ አይሻልም፣ ባለፈው ሳምንት ሚኤሶ ላይ የቀጠርኳቸው ሰዎች ግማሽ ቀን ከብቶቻቸውን ነድተው መጥተው ግማሽ ቀን በፀሐይ ጠበቁኝ፣ ከድርቁ የተረፉ ከብቶች፣ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ እኔ አልደረስኩም፣ ቤንዚኔ መንገድ ላይ አለቀ፣ በአንድ ታንክ ቦኬ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሞተር ከጥቅምት ወዲህ የመልሱን መንገድ ሳያጋምስ ይደርቃል፣ የወሩ ኩፖን በሃያ ቀን ያልቃል፣ ቀሪውን አሥር ቀን ቢሮ ቁጭ፣ የት ይገባል ቤንዚኑ? አንዲት ጠብታ አልሸጥኩም፣ ጌታ ያውቃል። የጌታ ማወቅ ግን ጓድ መኮንን ፋይል ውስጥ አይገባም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጠራኝ፣ ቁጭ በል እንኳ አላለኝም፣ ጓድ ዱጉማ፣ ይሄ አሻጥር ነው ወይስ ስርቆት? አንዱን ምረጥ። አሻጥር በሚለው ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔ ደግሞ ቀድሞውንም ዓይን ውስጥ የገባሁ ነኝ፣ ጴንጤ ነው ይሉኛል፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ዓመት አልፎታል፣ ቤት ውስጥ ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምንዘምረው፣ በመስከረሙ ሰልፍ ላይ ሁሉም ግራ እጁን ሲያነሳ እኔ አላነሳሁም፣ ጓድ መኮንን አይቶ እንዳላየ አለፈኝ፣ አንድ ጊዜ ያለፈ ሰው ሁለተኛ ያልፋል? እና አፌ ቀደመኝ። ጓድ፣ ሞተሩ የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው፣ ግቢውን የሚጠብቀው ሀሚድ ነው፣ አንድ ቀን ንጋት ላይ ታኒካ ይዞ ሞተሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አይቼዋለሁ። ውሸት አልተናገርኩም፣ አይቼዋለሁ፣ ታኒካዋንም አይቻለሁ፣ የእርዳታ ዘይት የመጣባት ታኒካ፣ የጓድ መኮንን ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ልመልሰው ብል በየት በኩል።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ላወጣ ስሄድ በሩን የከፈተልኝ ሀሚድ ነው። አካም ቡልቴ ዱጉማ፣ አለኝ፣ እንዴት አደርክ፣ የዚህ አገር ሰላምታ ሁሉ ረጅም ነው የሀሚድ ግን ይብሳል፣ እኔ የወለጋ ሰው ነኝ፣ ቋንቋችን አንድ ነው፣ ሰላምታቸውን ግን አልቻልኩበትም፣ ነጋያ? ይላል፣ ሰላም ነህ ወይ፣ ልጆቹ ነጋያ? ከብቱ ነጋያ? ከብት የለኝም ሀሚድ፣ መርፌ ብቻ ነው ያለኝ፣ ዝናቡ? መንገዱ? ሚስትህ? እኔ ሞተሩን አስነስቼ እያጓራ እጄን አውለብልቤ እወጣለሁ፣ ሁልጊዜ፣ ዛሬም፣ ዛሬ ደግሞ ፊቱን ሳላይ።

ቢስሚላህ፣ ይላሉ ጋሽ ሙሄዲን። የዱቄት ከረጢት ተቀዶ ታጥቦ የነጣ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ከሸሚዜ ይነጻል፣ ካርቡራተሩን እላዩ ላይ ያጋድሙታል፣ መጀመሪያ ከውጭ፣ በብሩሽና በቤንዚን፣ ጭቃው ሳይወርድ አይከፈትም፣ አቧራውን ይዘህ ልትገባ ነው? ከዚያ በጎኑ ያለችውን ብሎን ከማውጣታቸው በፊት ወደ ውስጥ ያጠብቋታል፣ ዙሯን እየቆጠሩ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት ከሩብ፣ ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጽፉታል፣ የነበረችበትን ሳታውቅ ካወጣሃት ስትመልሳት ሌላ ሞተር ነው የምታገኘው፣ ይላሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አይገባኝም፣ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል፣ የቀበሌ ስኳር ወረፋ ይመስላል። ሁለት ሰዓት ከአርባ።

እኔ ብሆን እስካሁን አስነስቼዋለሁ። የምሬን ነው። መንገድ ላይ ማሳል ሲጀምር አቆማለሁ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የቤንዚን ሳህን በፒንሳ አወርዳለሁ፣ ከቆቤ ጠርዝ ሽቦዬን እመዛለሁ፣ ካረጀ የፍሪሲዮን ገመድ ውስጥ ያወጣኋት አንዲት ዘለላ፣ ቤንዚን የምታሳልፈው የነሐስ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስቴ አስገባለሁ አስወጣለሁ፣ በአፌ እፍ፣ ቤንዚኑን ትፍ፣ መርገጫውን አንድ ጊዜ፣ ተነሳ፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይደነቃል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ዱጉማ ሽቦ ይሉኛል፣ ደስ ይለኝ ነበር ስሙ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ይሄ ምንድን ነው?

ቀና እላለሁ። ጋሽ ሙሄዲን ሳህኗን ከፍተው በስፌት መርፌ ጫፍ አንዳች ነጭ ነገር አንጠልጥለዋል፣ ርጥብ፣ ቀጭን፣ ጥጥ ነው ይላሉ፣ ቤንዚን ውስጥ ጥጥ የዘራ ማን ነው? እኔ እኮ ተጠንቅቄ ነው ጋሼ፣ ከበርሜል የሚቀዳው ቤንዚን ዝገት አለው፣ ሳላጠል አልሞላም፣ በምን ታጠለዋለህ? በነጠላ። በነጠላ? በሚስቴ በሎሚ ነጠላ፣ ግማሹን ቀድጄ፣ ንጹህ ነው፣ በየሳምንቱ ታጥብልኛለች። ነጠላዬን ለቤንዚን? ብላኝ ነበር ሎሚ፣ የሠርጓ ነጠላ ነው፣ የመንግሥት ንብረት ነው ሎሚ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ አልኳት፣ ኮራ ብዬ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ነው የሚሞሉት፣ እኔ ግን አጥልዬ፣ እና በየሞላሁ ቁጥር የነጠላው ክር እየተነቀለ ወርዶ ቀዳዳዋን ይዘጋል፣ እኔ በሽቦ እከፍታለሁ፣ ደግሞ አጥልዬ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሰማ ነበር፣ ስለ እኔ መሆኑን ማን ነገረኝ።

ጋሽ ሙሄዲን ይስቃሉ፣ ድምፅ የለውም ሳቃቸው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ የሴት ስቶኪንግ ግዛ፣ ናይለን ክር አይጥልም፣ ኡሙልኸይር ሱቅ ሞልቷል። እኔ? ስቶኪንግ? ለሚስቴ ነው በላት። ሎሚ ስቶኪንግ አታደርግም፣ ኡሙልኸይር ደግሞ ታውቃታለች። እንግዲያው ለሞተሬ ነው በላት። እኔም ሳቅ ሊመጣብኝ ይላል፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ደንቄም ሳቅ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ሳህኗ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ ከምትንሳፈፈዋ ዕቃ ሥር የምትቀመጠውን ቀጭን መርፌ ያወጣሉ፣ ወደ ብርሃን ያዞሯታል፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው፣ ይቺ ሳህኗ ስትሞላ ቤንዚኑን የምትዘጋ በር ናት፣ ይላሉ፣ ክርህ ጉሮሮዋ ላይ ተጠምጥሞ አትዘጋም፣ ማታ ስታቆመው የታንኩን ቁልፍ ትዘጋለህ? አልዘጋም፣ ጠዋት ስቸኩል መክፈት እረሳለሁ። እንግዲያው ሌሊቱን በዚች የትርፍ ቤንዚን መውጫ ቱቦ ሲንጠባጠብ ያድራል፣ የምታቆምበት መሬት ጠዋት ቤንዚን ይሸታል? አይሸትም። ጠቁሯል? አልጠቆረም፣ ደረቅ ነው። ዓይናቸውን ከመርፌዋ ያነሳሉ። አይሆንም፣ ይላሉ፣ ይህን ያህል እየፈሰሰ መሬቱ ደርቆ የሚያድረው ከሥሩ ዕቃ የሚደቅን ሰው ሲኖር ነው።

ዕቃ።

ታኒካ።

ከሳጥኑ ላይ እነሳለሁ፣ ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ታኒካዋ ሞተሩ ሥር ነበረች፣ ከቱቦዋ በታች፣ አዎ፣ ሌባ ከታንክ ነው የሚቀዳው፣ ሀሚድ የታንኩን ክዳን አልነካም፣ መቅጃ ጎማም አልያዘም፣ የቢሮውን ጥግ ዞሬ ስመጣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሌባ ይደነግጣል፣ ሀሚድ አልደነገጠም፣ ፈገግ ነው ያለው፣ ታኒካዋን በሁለት እጁ እንደያዘ ተነሳና ነጋያ? አለኝ፣ ልጆቹ? ከብቱ? እኔ እየሰማሁት መርገጫውን ረገጥኩ፣ ዝናቡ? አለ፣ እየጮኸ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ እኔ እጄን አውለበለብኩ። ሊነግረኝ ነበር። ሊነግረኝ ነው የቆመው፣ በዚህ አገር ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ጉዳይ አያነሳም፣ ነውር ነው፣ መርዶ ሊያረዳ የመጣ እንኳ መጀመሪያ ከብቱን ይጠይቃል፣ ስንት ጠዋት ሀሚድ ሰላምታው መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ ጉዳዩ አፉ ላይ ሲመጣ፣ እኔ በሩን አልፌ ወጣሁ፣ አርባ? ሃምሳ? ሰላምታውንም እንደ ካርቡራተሩ፣ እፍ ትፍ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ።

ታዲያ የተጠራቀመውን የት አደረገው? እላለሁ፣ ድምፄን ሰማሁት፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ማን? ይላሉ ጋሽ ሙሄዲን። ዘበኛችን። እንጃ፣ ጠዋት ታንኩ ጎድሎ ታገኘዋለህ? አስባለሁ፣ አይጎድልም፣ ማታ እንዳቆምኩት ነው። እንግዲያው እየመለሰልህ ነው፣ ይላሉ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ደግ ሰው ዘበኛ አላችሁ፣ ይላሉና ወደ ሥራቸው ያጎነብሳሉ።

ደግ ሰው። የድርቁ ዓመት ከብቶቹ ከቦኬ በታች አልቀውበት ነው ዘበኛ የሆነው፣ አሥራ አንድ ላም፣ አንድ ቀን በሰላምታው መሃል ነግሮኛል፣ ያኔም ሞተሩ እየሠራ ነበር፣ የክትባት ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ ነው ከብቴን የሚጠይቀኝ፣ አሁን ነው የገባኝ፣ አንተ ስትደርስላቸው ሌሎቹ ከብቶች ዳኑ ወይ ማለቱ ነው።

ቤንዚኑን ታዲያ ማን ጠጣው ጋሼ? ሀሚድ ከመለሰው፣ እኔ ካልሸጥኩት?

ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን አውጥተው ቤንዚን ውስጥ ነክረዋት ነበር፣ አሁን ያነሷታል፣ በብስክሌት መንፊያ ይነፉባታል፣ ቤንዚኑ ከሚሄድበት በተቃራኒ፣ ቆሻሻ በገባበት ነው የሚወጣው እንጂ ወደፊት ከገፋኸው ይጠብቃል፣ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣሉ፣ ውስጡ የጋሪ ፈረስ ጭራ ፀጉር ነው፣ አንዱን መርጠው በቀዳዳዋ ያሳልፋሉ፣ ነሐስ ከፀጉር ይጠነክራል፣ ከሽቦ ግን ይለሰልሳል፣ ይላሉ። ፀጉሩ ቀዳዳዋ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ይቺ ፀጉሩን ጥብቅ አድርጋ መያዝ ነበረባት። ያዩኛል፣ ከመነጽራቸው በላይ።

ሽቦ ማን ከተተባት?

ውሻ ይጮኻል። ከማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ማርሽ ይሰማል። ቆቤ ጭንቅላቴ ላይ ይከብደኛል፣ ሽቦዋ ጠርዙ ላይ ናት፣ እኔ ባልል ማን ያውቃል፣ ከእኔ በፊት የነዳው ሰው ነው ብል፣ ወደ ሐረር ተዛውሯል፣ ማን ሐረር ሄዶ ይጠይቃል፣ ትናንት አፌ እንደዚህ ነበር የሄደው፣ ቁልቁል፣ ያለ ፍሬን።

እኔ ነኝ፣ እላለሁ። ስንት ጊዜ? አልቆጠርኩም። ቀዳዳ ይሰፋል እንጂ አይጠብም ልጄ፣ ይላሉ፣ ቁጣ የለባቸውም፣ በሄድክ ቁጥር ሁለት ሞተር የሚያጠጣ ቤንዚን ስታጠጣው ነበር። በቃ ይኸው። ሌባው ተገኘ፣ የለስላሳ ሳጥን አጠገብ ቆሟል፣ ቆብ አድርጓል፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ከተማው በሙሉ ሽቦ እያለ ሲጠራኝ ስድብ መሆኑን ሳላውቅ እወጣ እወርድ ነበር።

ልሂድ ጋሼ፣ በእግሬ ልሩጥ፣ ሰው ሊታሰር ነው፣ ሀሚድን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ ትናንት፣ ታኒካዋን አይቼ። ወጣልኝ፣ ለሌላ ሰው ነገርኩት፣ ጋሽ ሙሄዲን እጃቸው አየር ላይ ይቀራል፣ ላ ኢላሀ ኢለላህ ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው? አራት። አሁን ስንት ነው? ሦስት ከሩብ። እንግዲያው ቁጭ በል፣ ባዶ እጅህን ሄደህ ተሳስቻለሁ ብትል ማን ያምንሃል፣ ፈርቶ ነው ቃሉን የለወጠው ነው የሚሉህ፣ ጨርሼ ልስጥህ፣ ማስረጃህ እዚህ ጨርቅ ላይ ነው ያለው።

ቁጭ እላለሁ። እግሬም አብሮኝ ይቀመጣል።

ከመደርደሪያው የማርማላታ ብልቃጥ ያወርዳሉ፣ ሞልቷል፣ ከሞቱ ሞተሮች የተፈቱ የነሐስ ብሎኖች፣ የስንት ዓመት፣ አንድ በአንድ እያነሱ በየብሎኑ ግንባር ላይ የተቀረጸችውን ቁጥር ያነባሉ፣ አይደለም፣ አይደለም፣ ይቺም አይደለችም፣ እኔ እጸልያለሁ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ጌታ ሆይ ከነዚህ ውስጥ አንዲት፣ እሳቸው በከንፈራቸው የሆነ ነገር ያንጎራጉራሉ፣ ምናልባት እሳቸውም እየለመኑ ነው፣ ይቺ ናት፣ ይላሉ፣ ደግሞም መንታዋን ያገኛሉ፣ አንዷ ለሞተሩ፣ አንዷ ለማሳያ። ከእኔ ሞተር የወጣችውንና የማሳያዋን፣ ሁለቱን መዳፌ ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ሽቦህን አምጣ፣ ከቆቤ እመዛለሁ፣ የእኔዋ ውስጥ ሰተት ብላ ትገባለች፣ በሌላዋ አልገባ ትላለች፣ ይህን ለኃላፊህ አሳየው፣ ወረቀት አያስፈልገውም፣ ግን ከፈለግክ አሁን እጽፍልሃለሁ፣ አይቻለሁና። ምን ብዬ ልጻፍ?

ይህችን ጥያቄ እንዴት አድርገው ጠየቁኝ፣ እርሳሱን አንስተው እየጠበቁ፣ አርጅቷል ብለው ቢጽፉ ሐሰት አይሆንም፣ ሞተሩ በእርግጥ አርጅቷል፣ ቱቦው ያፈሳል ብለው ቢጨምሩ ሀሚድም ይድናል፣ እኔም ንጹህ እወጣለሁ፣ ሽቦ የምትባል ቃል ሳትነሳ፣ አሻጥር የሚለው ቃል ሳይነሳ፣ ለሎሚ ለልጆቹ ስል፣ በዚያችው ቅጽበት ነው ሁለቱ ብሎኖች መዳፌ ላይ ሲቀዘቅዙኝ የተሰማኝ፣ ይሄም ሽቦ ነው ዱጉማ፣ ቶሎ ይከፍታል፣ ቀስ ብሎ ያሰፋል። በሽቦ ሰፍቷል ብለው ይጻፉ ጋሼ፣ ሽቦውም የዱጉማ ነው ብለው ይጻፉ። ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። አጨብጭበው ቢያሞግሱኝ ኖሮ ይህን ያህል አልወዳቸውም ነበር።

ሲገጥሙት እየቆጠሩ ነው፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ፣ የጎኑ ብሎን እስከ ጥግ ገብታ ወደ ኋላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ከሩብ፣ መርገጫውን አንዴ ነው የረገጥኩት፣ አንዴ፣ ይህ ድምፅ የእኔ ሞተር ድምፅ ነው? ረስቼው ነበር፣ ሳል የለ፣ ጥቁር ጭስ የለ፣ ጥጋብ ያለው በሬ ሲያመሰኳ እንደዚህ ነው፣ ጋሽ ሙሄዲን እጃቸውን ደግሞ ይታጠባሉ፣ ይታጠቡ፣ ውሃውን ሁሉ ይጨርሱት፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፣ ዛሬ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ሳይከፍቱ፣ የለመንኳቸውን ወረቀት ፈርመው ቢሰጡኝ ኖሮ ይኸኔ ደስ ብሎኝ እየሄድኩ ነበር፣ ሀሚድን ወደሚያሳስር ስብሰባ፣ ደስ ብሎኝ። ተመስገን። እንቢ ያሉኝን ሰው ስለሰጠኸኝ ተመስገን።

ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ፣ መሥሪያ ቤት ደርሻለሁ። ሀሚድ በሩ ላይ የለም፣ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፣ ዱላው ተወስዶበታል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አላየውም፣ ካየሁት አልናገርም፣ በሩን ሳላንኳኳ እገባለሁ፣ ጓድ መኮንን መነጽሩን ገና አላወለቀም፣ ጓድ፣ ቤንዚኑን ያባከንኩት እኔ ነኝ፣ እና ሁሉንም፣ ክሩን፣ ሽቦውን፣ ቱቦዋን፣ ታኒካዋን፣ ሁለቱን ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ፣ ሽቦዬን አጠገባቸው፣ እሱ ራሱ ይሞክራል፣ በአንዷ ይገባል፣ በሌላዋ አይገባም፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ሦስተኛ፣ ዘበኛው ታዲያ ለምን አልተናገረም? ሊናገር ነበር ጓድ፣ ሰላምታውን አላስጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። ጓድ መኮንን የጋሽ ሙሄዲንን ወረቀት ያነባል፣ የዱጉማ ነው የምትለዋ ላይ ጣቱ ይቆማል፣ ይሄን አንተ ነህ ያስጻፍከው? አዎ ጓድ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሃል፣ ይላል፣ ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል፣ የቀሩት ሁለት ሞተሮችም እዚያ ሄደው ይከፈቱ፣ አንተ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ ትማራለህ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ ከትናንቱ ወረቀት ላይ አንዱን ስም ይሰርዛል። የሀሚድን። የእኔ ይቀራል፣ ይቅር፣ ቦታው ነው።

እወጣለሁ። ሀሚድ ዱላውን ተቀብሎ ወደ በሩ ሄዷል፣ ግቢው ፀሐይ ሞልቶታል፣ አካም ኦልቴ፣ ይለኛል፣ እንዴት አረፈድክ፣ እኔ እቆማለሁ፣ ሁለት እግሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ልጆቹን ይጠይቀኛል፣ ደህና ናቸው፣ የእሱን እጠይቀዋለሁ፣ ስማቸውን አላውቅም ነበር፣ አንዷ ሞሚና ናት፣ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ ከብቱን፣ የሚኤሶዎቹን ከብቶች እነግረዋለሁ፣ ሐሙስ እወርዳለሁ፣ እደርሳለሁ አሁን፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ሰላምታው አለቀ፣ አሁን የእኔ ጉዳይ ነው።

ሀሚድ፣ ትናንት ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታኒካ ይዘህ አይቼህ ሌባ መስለኸኝ ነው። ይቅር በለኝ።

አውቃለሁ፣ ይላል። ማታ ነግረውኛል።

ማታ? ማታ ነግረውሃል? እና ሌሊቱን…

ሌሊትም ይንጠባጠብ ነበር፣ ይላል፣ ዛሬ ከሌላው ቀን ይብሳል፣ ታኒካዋ ሞልታ ነው ያደረችው፣ ንጋት ላይ መለስኩት፣ ቤንዚኑ ምን አደረገኝ?

ቆሜያለሁ። እሱ በሩን ለገበሬ ጋሪ ሊከፍት ዞሯል። አውቆ፣ እኔ መሆኔን አውቆ፣ እንደሚታሰር አውቆ፣ በብርዱ ቁጢጥ ብሎ ጠብታ በጠብታ ሰብስቦ ታንኬ ውስጥ መለሰው፣ ከዚያ በሩን ከፈተልኝ፣ አዳሬንም ጠየቀኝ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ፊቱን ላለማየት የሸሸሁት እሱ በመለሰልኝ ቤንዚን ነው፣ ገለቶሚ ሀሚድ፣ እላለሁ፣ አልሰማኝም፣ ጋሪው ይንጓጓል፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ ሄጄ በሩን አብሬው እይዛለሁ፣ ከባድ በር ነው፣ ስንት ጊዜ ወጥቼ ስገባበት ክብደቱን አላውቅም ነበር።